የናስር ስድስት ሰዎች

ስድስት ቦታ አለ። ስድስቱም ተይዟል። እኔ የለሁበትም።

ይህን ያየሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛችን ሌላ ተማሪ ሳይመጣ ቀድሜ ገባሁና አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የናስርን ጌም ከፈትኩ። ባለፈው ሐሙስ ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ እኔ ነበርኩ። ቀስት የያዘች፣ ፀጉሯን የሸፈነች፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ የቀሰረች ልጅ፤ ከሥሯ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፈህሚያ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አሁን በቦታዬ ጢሙ የነጣ ሰውዬ ጉብ ብሏል። ከሱ በላይ ጢማም፣ ከሱ በታች ጢማም። ይሄን ሁሉ አዛውንት ይዞ የት ሊደርስ ነው ብዬ ልስቅ ስል ዓይኔ አምስተኛው ሳጥን ላይ አረፈ።

ሴት ናት። ያውም ወጣት፣ ያውም ቆንጆ። ራሷ ላይ ሻሽ ነገር ጣል አድርጋ ዓይኗን ሰበር አድርጋለች። ስሟን ሳነበው «ወገራ» ይላል። በአገሯ ስም እየጠራት መሆኑ ነው! የወገራ ልጅ አግኝቷል ማለት ነው። እኔ እዚህ ስለሱ እህል አልቀምስ ብዬ፣ እሱ እኔን አውጥቶ የወገራዋን አስገብቷል።

ኮምፒውተሩን በቁልፉ ድርግም አድርጌ አጠፋሁት። ናስር ሁልጊዜ «እንደሱ አይጠፋም፤ ይበላሻል» እያለ የሚቆጣን እንደዚያ ስናጠፋ ነው። ይበላሽ አልኩ።

*

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የአዲስ ዓለም ሰፈሩ የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ኡዘይር ልጅ ነኝ። የኛን ቤት የማያውቅ ጎንደርን አያውቅም ይላል አጎቴ ዐብዱረሕማን፤ ትንሽ ያጋንናል። ቤታችን ግን እውነትም ሰው አያጣም። አንዱን ጥርሱን ሲያመው አሥራ ሁለት ዘመድ ሊጠይቀው ይመጣል፤ ግማሹ ያድራል። ልጅ ሆኜ ብቻዬን የምሆነው ሽንት ቤት ውስጥ ነበር፤ እዚያም ቢሆን በሩ ይንኳኳል።

ናስር አሠልጣኛችን ነው። «ቲቸር» እንለዋለን እንጂ ከኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። በሰባ ሰባት፣ በዚያ በክፉ ዘመን፣ እናቱ አዝላው ከወገራ በኩል ወደ ጎንደር ወረደች። ሐኪም ቤት ገብታ አልወጣችም። በካርዱ ላይ የተጻፈው የሱ ስም ብቻ ነበር። ከዚያ ማሳደጊያ፣ ከማሳደጊያ ሥራ። ይህን ሁሉ ነግሮኛል። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ የሰው ቁመት እንደምታውቁት ዓይነት ነው ያወቅኩት፤ አየሁት እንጂ አልተሸከምኩትም።

ጌሙን ያመጡት አቶ ምናለ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ኮምፒውተራቸውን ሊያሠሩ መጥተው ሲዲውን ለናስር ትተውለት ሄዱ። የጥንት ዘመን ነገር ነው፤ ጎራዴ አለው፣ ዋሻ አለው፣ ዘንዶ አለው። መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ግን አብረዋችሁ የሚጓዙትን ስድስት ሰዎች ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ፊት ትመርጡላቸዋላችሁ፤ አንዱን ተዋጊ፣ አንዱን ፈዋሽ፣ አንዷን ቀስተኛ ታደርጋላችሁ፤ ለጉልበት ይህን ያህል፣ ለብልሃት ይህን ያህል፣ ለአንደበት ይህን ያህል እያላችሁ ነጥብ ታከፋፍላላችሁ። መጨረሻ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን የምትጽፉበት ባዶ ገጽ አለ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለማይሆንለት ደግሞ ተሠርተው የተቀመጡ ስድስት ሰዎች አሉ።

«ቲቸር፣ ምነው የተሠሩትን አትወስድም? ቶሎ ትጀምር ነበር» አልኩት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት።

«እነሱን ሌላ ሰው ነው የሰበሰባቸው» አለኝ። «እኔ የራሴን ሰዎች ነው የምፈልገው።»

ሁለት ወር ሙሉ ሠራቸው፤ አፈረሳቸው፤ እንደገና ሠራቸው። አንድ ቀን እንኳ ከመንደር አልወጡም። እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ እስቃለሁ፤ የማሠልጠኛው ጸሐፊ ይመኙሽ ደግሞ ከወዲያ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ሻይዋን እየጠጣች ሁለታችንንም ትጠብቃለች። ሰው ካለበት ነውር የለውም ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

የቀስተኛዋ ታሪክ ገጽ የኛ ፖስታ ቤት ሆነ። እሱ ጠዋት አንድ መስመር ይጽፋል፤ እኔ በምሳ ሰዓት ከሥሩ እመልሳለሁ። ጌሙ የኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምንጽፈው፤ ሲያነቡት ቀስ ይባላል፤ ቀስ መባሉም ደስ ይላል። «ቀስተኛዋ ዛሬ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ መጣች፤ መንገደኞቹ መንገዱን ረሱት» ይላል እሱ። «ቀስተኛዋ የሚያፈጥ መንገደኛ ትወጋለች» እላለሁ እኔ። እንዲህ እንዲህ እያልን ገጹ ሞላ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን እሱ «ፋይሉን ሴቭ አድርጊ» ነው የሚለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ጨዋታ የሚባል ነገር ጠፋ።

«የመተማ ሰዎች ቤታችን መጥተው ነበር» አልኩት። «ሰሊጥ ነጋዴዎች ናቸው። ሽማግሌዎቻቸው ሲጨርሱ አባዬ ልጅቱን ልጠይቅ ብሎ ለረቡዕ ቀጥሯቸዋል። አንተ ቀድመህ ሽማግሌ ላክ።»

እጁ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ እንዳለ ቆመ። «ማንን?»

«እንዴት ማንን! ሰዎችህን ነዋ።»

«ሰዎቼን» አለ ቀስ ብሎ፤ ቃሉን ገና የሚማረው ይመስል።

«አጎት፣ ጎረቤት፣ የሚያውቅህ ሰው... እንዴት ነው ሰው ሦስት ሰው የሚያጣው?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ብዙ ጊዜ ሰርቆ ነው የሚያየኝ፤ ያን ቀን ግን ዓይኑን አልሰበረም። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

«ካልፈለግክ ካልፈለግክ በለኝ!» ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ይከተለኛል ብዬ ነበር። ከታች ደርሼ ወደ ላይ ቀና አልኩ። ደረጃው ባዶ ነበር።

*

ማክሰኞ ከሰዓት እማዬ መኝታ ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች። እኛ ቤት በር አይዘጋም። ስሟ ሸምሲያ ነው፤ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትል ነበር።

«አባትሽ ልኮኝ ነው» አለች። «የመተማው ልጅ ሸጋ ነው ይባላል። ይሰግዳል፤ ጫት ቤት አይውልም። እሱን ማግባት ትፈልጊያለሽ? ተናገሪ ልጄ፤ ማንም አያስገድድሽም።»

ልናገር እችል ነበር። ወላሂ፣ አንድ «አይ» ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን ዓይኔ ላይ የመጣችው ያቺ ሻሽ ጣል ያደረገች ሴት ናት። እኔን አውጥቶ እሷን ያስገባ ሰው ብዬ «አይ» ልበል? ምን ብዬ? ከንፈሬን ነክሼ ግድግዳውን አየሁ። ኩርፊያ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኛ ዘንድ ልጃገረድ ስለ ጋብቻ ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ እንዳለች ይቆጠራል። አፍራ ነው ይባላል። እማዬ ዝምታዬን ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ግንባሬን ስማ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወጣች። ከሳሎን የአጎቴ ድምፅ ከፍ ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው ተደሰተ። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያ ሁሉ ዘመድ እያለኝ፣ የምነግረው ሰው አጣሁ።

*

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሰርተፊኬቴን ልውሰድ ብዬ ወጣሁ። ውሸቴን ነው። የሄድኩት ወገራዋን ላጠፋት ነው። እሱ እኔን ካጠፋኝ እኔም የሱን አጠፋለታለሁ፤ ያን ያህል ክፉ ሆኜ ነበር።

ናስር አልነበረም። ይመኙሽ ሰላምታዬን በቅጡ አልመለሰችም፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቀጥ ብዬ አራተኛው ኮምፒውተር ዘንድ ሄድኩ። ጌሙን ከፈትኩ። አምስተኛው ሳጥን ላይ ሄጄ «አስወግድ» የሚለውን ነካሁ። ጌሙ ሰው ከማጥፋቱ በፊት የሚጠፋውን ሰው ታሪክ ያሳያችኋል፤ ከዚያ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ይላል። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ዓይኔ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ። እናቴ፣ ይላል።

«እናቴ። ስሟን ስለማላውቅ የመጣችበትን አገር ጻፍኩላት። ሌሎቹን የሽማግሌ ፊት ሰጠኋቸው፤ እሷን ግን አልቻልኩም። ስትሞት ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው ብለውኛል። አሁን እኔ እበልጣታለሁ። ሴት ሽማግሌ ሆና አትላክም ይሉኛል፤ ጌሙ ግን አልከለከለኝም። የቀረኝን ነጥብ ሁሉ ለአንደበቷ ሰጠኋት፤ ስለ ልጇ የምትለው አታጣም።»

ጣቴን ከቁልፉ ላይ እንደ ጋለ ብረት አነሳሁት። አንድ ጊዜ ብጫነው ኖሮ አልቆ ነበር። እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ፤ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። የመጀመሪያው ጢማም በላቸው ይባላል፤ ተዋጊ ነው። «አያ በላቸው የማሳደጊያችን ዘበኛ ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው፤ በረመዳን ግን ለኛ ለእስላሞቹ ልጆች የማፍጠሪያ ዳቦ ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው ያመጡልን ነበር። እሳቸው ሲያንኳኩ የማይከፍት የለም። የሐጂን በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው።» ሁለተኛው ቁርኣን ያስጠኑት ሼህ ናቸው፤ ሦስተኛው ብየዳ ያስተማረው ሬዲዮ ሠሪ። አያ በላቸውን ጨምሮ ሦስቱም ሞተዋል። አራተኛው አቶ ምናለ ናቸው። «እሺ ብለውኝ ነበር» ይላል። «ቅዳሜ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዱ። ኮታቸውን ትተውልኛል።»

ስድስተኛው ስም የለውም፤ «አባት» ብቻ ነው የሚለው። «ነጥቡን ሁሉ ዝቅተኛውን ሰጠሁት። በማግስቱ አዘንኩለትና ጨመርኩለት። ፊቱን የመረጥኩት መስታወት አይቼ ነው።»

ማልቀስ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ሐሙስ «እንዴት ነው ሰው ሦስት ሰው የሚያጣው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ሙታኑን ሰበሰበ።

ይመኙሽ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «ያንቺን አየሽው?» አለችኝ። ከስድስቱ ሌላ፣ ለጊዜው የማይጓዙ ሰዎች የሚቆዩበት ገጽ አለ፤ እኔ አላውቀውም ነበር። ከፈተችልኝ። ቀስተኛዋ እዚያ ለብቻዋ ቆማለች፤ ደብዳቤዎቻችን አንድም አልጠፉም። ከመጨረሻው ሥር አዲስ ተጽፏል።

«ፈህሚያ፣ አንቺ ከነዚህ ጋር አትሄጂም። የምትጠየቅ ልጅ ከጠያቂዎቹ ጋር አትሄድም። ማታ ማታ ስድስታችሁ ተነሱ እላቸዋለሁ፤ አያ በላቸው በራችሁን ሲያንኳኩ፣ ሼሁ ሲናገሩ አስባለሁ። ከዚያ መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ላይ የማየው የራሴን ፊት ነው። ረቡዕ ግን እመጣለሁ። የሚመጣልኝ ስለሌለ እኔው እመጣለሁ።»

«መቼ ወጣ?» አልኳት።

«አሁን። የአቶ ምናለን ኮት ለብሶ። እጅጌው ረዝሞበት ሁለት ጊዜ አጠፍኩለት» አለችና ፊቷን አዞረች።

*

ባጃጁ አዲስ ዓለም እስኪደርስ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግኩ። በጓሮ በር ገባሁ። እማዬ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። በመጋረጃው ስንጥቅ አጮለቅሁ።

አባዬና አጎቴ ዐብዱረሕማን አዲስ ጀለቢያ ለብሰው ምንጣፉ ላይ ተደላድለዋል። ስምንት ሰዓት ላይ የሚመጡትን የመተማ ሰዎች ነበር የሚጠብቁት። በሩ ሲንኳኳ እነሱ መስለዋቸዋል። የገባው አንድ ሰው ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በትልቅ ኮት ውስጥ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ» አለ አጎቴ።

«መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም።»

አጎቴ ሳቀ፤ ይህ ሽማግሌዎች ደጅ ሲጠኑ የሚሉት ነው። «እንዴ! አንተ ሽማግሌ ነህ? ማን ልኮህ ነው?»

«ናስር የሚባል ሰው ልኮኝ ነው። ፈህሚያን እንድትሰጡት ይለምናችኋል።»

«ናስር ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

አጎቴ ጭኑን መትቶ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ሽማግሌ የሚላከው ሰውየው ራሱ እንዳይዋረድ ነው፤ እምቢ ቢባል ቃሉን የሚሰሙት ሌሎች ናቸው። ናስር ቃሉን በገዛ ጆሮው ሊሰማ መጥቷል። አባዬ ይህ ገብቶታል።

«ሌሎቹስ የት አሉ?» አለው አባዬ።

«የሉም ሐጂ። አራቱ ሞተዋል። አንዱ ባሕር ዳር ናቸው። አንዱን አላውቀውም።»

የአጎቴ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«እናቴ ከወገራ በኩል ናት ይሉኛል።»

«ወገራ ሰፊ ነው ልጄ» አለ አባዬ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰኝ። «ስማኝ። ነገ አንተና እሷ ብትጋጩ ማን ዘንድ ሄጄ ነው የማስታርቅ? አንተ ብትታመም ማንን ልጥራ? ልጅ ስሰጥ ለአንድ ሰው አልሰጥም፤ ለሰዎች ነው የምሰጥ። ሰዎች የሉህም።»

«እውነትዎን ነው» አለ ናስር። «እኔም የሴት ልጅ አባት ብሆን እንደዚሁ ነበር የምለው።»

እንዲህ ባይል ይሻለኝ ነበር። ቢከራከር፣ ቢቆጣ፣ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ይህን መልስ ከመምጣቱ በፊት ለራሱ ሰጥቶ ነው የመጣው።

«ደግሞም» አለ አባዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ልጅቱ በሌላ ተጠይቃለች።»

«ምን አለች?»

«ዝም አለች።»

ናስርም እስላም ነው፤ የልጃገረድ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንገቱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ መብራት እንደ ጠፋበት ቤት ሆነ። ወደ ጫማው ዞረ።

እማዬ ክንዴን ይዛኝ ነበር። መቼ እንዳስለቀቅኳት አላውቅም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ዝምታዬን መልስልኝ!»

«ፈህሚያ!» አለ አጎቴ ብድግ ብሎ።

«እሺ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። አኩርፌ ነው። አስወጣኝ፣ ሌላ አስገባ ብዬ ነው። ተሳስቼ ነበር። በዝምታዬ እንዳትሰጠኝ፤ መልስልኝ!»

አባዬ ልጅ እያለሁ ስወድቅ እንደሚያየኝ አየኝ፤ ይመታኝ ይሆን፣ ያነሳኝ ይሆን አይታወቅም። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ። «ለመተማ ሰዎች ደውልላቸው። ካረፉበት ሳይነሱ ድረስባቸው። ልጁን ሳያስፈቅድ ሰጠ አልባልም።»

«ቃልህስ?»

«ቃሌ በሷ ቃል ላይ ነበር የቆመው። የሷ ከሌለ የኔም የለም።» ከዚያ ወደ ናስር። «አንተንም እሺ አላልኩህም።»

«አውቃለሁ» አለ ናስር።

ጫማውን አደረገ። ክሩን ለማሰር ጎንበስ ሲል የኮቱ እጅጌ ተዘርግቶ ጣቶቹን ሸፈናቸው። ቀና ሲል አየኝ። አባቴ ፊት፣ አጎቴ ፊት፣ ምን ልለው እችላለሁ? ሁለት ወር የጻፍነው ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር።

«አንብቤዋለሁ» አልኩት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ስድስቱንም።»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወጣ። በመስኮቱ ሳየው ቁልቁል ወረደ። አንድ ጊዜም አልዞረም። ለምን እንዳልዞረ አውቀዋለሁ፤ እያለቀሰ ነበር።

*

ያን ቀን ቤታችን እንደወትሮው ሰው ሞልቶት ማንም አላናገረኝም። አክስቶቼ ሳልፍ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት ሲቀርብ ከአባዬ ጎን የተለመደው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም አልተጠጋኝም። አባዬ ሁለት ጊዜ ጎረሰና እጁ ቆመ።

«እናቱ ማን ትባላለች?» አለኝ።

«አላውቅም አባዬ።»

«ሳትጠይቂው?»

«እሱም አያውቀውም።»

አባዬ የሰባት ትውልድ ስም ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ነው። እጁን ከሰሐኑ ላይ አነሳና ጣቶቹን እያየ ቆየ። 

«ዛሬ ሰው ከቤቴ ሳይቀመጥ ወጣ» አለ በመጨረሻ። «ውሃ እንኳ ሳይቀምስ። ነገ ጥሪው። መጥቶ ይቀመጥ።» ከዚያ ደስታዬን ፊቴ ላይ አይቶት መሰለኝ ቶሎ ጨመረበት። «ሌላ አላልኩም። ይቀመጥ ነው ያልኩት።»

*

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሠልጠኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ይመኙሽ በሩን ገና እየከፈተች ነው።

«የለም» አለችኝ ሳልጠይቃት። «በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሄደ።»

«ለምን?»

«ሰው ፍለጋ። ሐጂ ወገራ ሰፊ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሄጄ አልጠየቅኩም አለኝ። ገበያተኛውን ሁሉ ይጠይቃል። በሰባ ሰባት ናስር የሚባል ሕፃን አዝላ ወደ ጎንደር የወረደች ሴት የምታውቁ አላችሁ? ብሎ።» መሐረቧን አወጣች። «ሃያ ዓመት አልፎታል እኮ ፈህሚያ። ማን ያስታውሳል?»

ማንም። ከገበያተኛ ወደ ገበያተኛ፣ በሰው ኮት፣ ስሟን በማያውቃት ሴት ስም እየለመነ ይውላል። አንዱ ይስቅበታል፤ አንዱ ለማኝ ይመስለዋል። እዚህ ደግሞ የአባቴ ምንጣፍ ላይ ቦታ ተለቅቆለት እሱ አያውቅም። ሞባይል የለውም። ይመለሳል ወይ አልኳት። ካላገኘሁ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ እቀጥላለሁ ብሏል አለችኝ።

ከፒያሳ ወደ ቤት ስሄድ ቀኝ እታጠፋለሁ። ያን ቀን አልታጠፍኩም። መናኸሪያው በር ላይ «አምባ ጊዮርጊስ! ዳባት! ደባርቅ!» ይላሉ። ከጎንደር ውጭ ያለ እናቴ፣ ያለ አጎቴ፣ ያለ አንድ ወንድም ወጥቼ አላውቅም። አባዬ ጥሪው ብሎኛል፤ እስከ የት ድረስ ሄጄ እንደምጠራው ግን አልነገረኝም።

ትኬት ቆራጩ ሰውዬ ደብተሩን ገልጦ ከኔ ኋላ ያሉትን ሰዎች ፈለገ። እናት፣ አክስት፣ አንድ ወንድ። የነጋዴ ልጅ መሆኔ ከአለባበሴ ያስታውቃል።

«ስንት ናችሁ እህቴ?»

«አንድ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ። እሱ ስንት ጊዜ ብሎት ይሆን፤ በየቢሮው፣ በየቀበሌው፣ ቅጽ በሞላ ቁጥር።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩትና እንባዬ እየወረደ ወደ አውቶቡሱ ገባሁ።